ያላስነሳሁት ፈረስ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነገረኝ አላልኩም። አላምንህም የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፤ እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ኦስትሪያ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቅምት 1983፣ ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

የአንዲት ባሮኒት፣ የመኳንንት ወገን እመቤት፣ ርስት ላይ ነጭ ድንጉላ ፈረሶችን በጥንቱ ሥርዓት እናሠለጥን ነበር። የእኔው ቦናቮ ይባላል። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱ ሌቫድ ነው። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ዝቅ ይልና የፊቶቹን አንስቶ ቀጥ ይላል... አራት ሰከንድ፣ ቢበዛ አምስት። ከዚያ ያስነሳው ሰው «ጎበዝ፣ በቃህ» ይለዋል። ያስነሳው ብቻ ነው የሚያወርደው። ሕጋችን ነው።

ያን ጠዋት ቦናቮ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቴም ጉልበቱ ከዳው።

«ፈረስህና እኔ አንድ ነን» አሉኝ መምህር ኦቶካር፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ከተቀመጥን መነሳት የለም።»

«ቅዳሜ በትርኢቱ ባሮኒቷ ፊት ካቃተውስ?»

«ታውቀዋለህ፣ ኮርቢ።»

አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ የፈረስ ሥጋ የሚሸጥ ሉካንዳ አለ።

የአዳራሹ ጫፍ ላይ በተልባ ዘይት በተለወሰ ቀለም የተሣለ፣ ግድግዳውን የሚያክል ሥዕል ተሰቅሏል። ነጭ ፈረስ፣ ሌቫድ ላይ። ጋላቢ የለውም። ከሥሩ «ቱርቢዶ፣ 1731» ይላል።

ሆዴ ባብቶ ነበር መሰለኝ... አንጋጥጬ አየሁት። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት እግሩን አንስቶ። ማንም አውርዶት አያውቅም።

«ጎበዝ» አልኩት። «በቃህ።»

ልማድ ነው። ከአፌ ሾልኮ ወጣ።

መምህር ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ማንን ነው?»

«ሥዕሉን።»

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንተ አላስነሳኸውም» አሉ በሹክሹክታ።

ማክሰኞ ጠዋት የሥዕሉ ፈረስ ኮቴዎች አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብለው ነበር።

የመስኮቱ ብርሃን ነው አልኩ።

በዚያው ቀን ቦናቮ ተነሳ። ቀጥ ብሎ ስድስት ቆጠርኩ። አንገቱን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከሉካንዳው ቢላ የዳነ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ አሥራ አራት።

ሐሙስ ሳላዘው ተነሳ። ሃያ ሁለት ቆጠርኩ። «በቃህ» ብዬው እንኳ ትንሽ ቆየ... የሚያስብ ይመስል ነበር።

ሥዕሉ ላይ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ቱርቢዶ መሬት ሊረግጥ።

መምህር ክንዴን ጨብጠው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ሂድና መልሰህ አስነሳው።»

«ሥዕል እኮ ነው፣ መምህር።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሃል? እዘዘው።»

«እሱ ከተነሳ የእኔው ይወድቃል።»

ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ።

«ቅዳሜ ብቻ ትለፍ» አልኳቸው። «እሑድ አስነሳዋለሁ።»

«እሑድ...» አሉና ክንዴን ለቀቁት።

አውቄ ነው የተውኩት። ይህን አልደብቅም። ፈረሴን እወደው ነበር።

ቅዳሜ፣ ረፋድ አራት ሰዓት። ባሮኒቷ ከእንግዶቿ ጋር ሰገነቱ ላይ ተቀምጣለች። ሥዕሉን ላለማየት ጀርባዬን ሰጠሁት።

ቦናቮ ተነሳ።

እንደዚያ የሚያምር ሌቫድ በዕድሜዬ አላየሁም። ሰገነቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«ጎበዝ» አልኩት። «በቃህ።»

አልወረደም።

ልጓሙን ለቀቅኩለት።

«በቃህ፣ ቦናቮ።»

ሠላሳ... አርባ... ጭብጨባው እየሳሳ ሄደ። ከኮርቻው ተንሸራትቼ ወረድኩና ፊቱ ቆምኩ። ዓይኑ ብቻ ተከተለኝ። ላቡ ከሆዱ ሥር አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል።

«አውርደው እንጂ» አለች ባሮኒቷ ከላይ።

«እምቢ አለኝ፣ እመቤቴ።»

ያኔ ወደ ሥዕሉ ሮጥኩ።

ቱርቢዶ በአራት እግሩ ቆሟል። አንገቱን ደፍቷል። ቦናቮን እንደማዘው ምላሴን አጮህኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ ለመንኩት... ጆሮውን እንኳ አልቀሰረም። ጎኑ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ቀስ እያለ። ደክሞት የተኛ ፈረስ እንደሚተነፍሰው።

ከኋላዬ መምህር «በቃህ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሌሎቹ ጋላቢዎች። ከዚያ ባሮኒቷም፣ እንግዶቹም። አዳራሹ ሙሉ ሰው በለሆሳስ... በቃህ... በቃህ...

ተመልሼ ቦናቮ ዘንድ ሄድኩ። ላቡ መንጠባጠቡን አቁሟል። ዓይኑ ቀድሞ የቆምኩበትን ቦታ እያየ ቀርቷል።

እጄን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። የልብ ምት ፈለግኩ።

እጄን ሳነሳው መዳፌ ነጭ ሆኗል። እርጥብ ነበር። የተልባ ዘይት ይሸታል።