ስድስተኛውና ሰባተኛው ድክመት

ይትባረክ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማዳመጫው ከጆሮው አልወለቀም፣ ደብተሩ ላይ ያረፈው እርሳሱም ከጣቶቹ መካከል አልወደቀም። ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲያዩት ደክሞት ያሸለበ ይመስላል፤ ማጅራቱን እስኪያዩት ድረስ ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ስክሪኑ ላይ ያለው ወታደር ደግሞ ጠመንጃውን ደግኖ ትእዛዝ ይጠብቃል። እሱ ምን ገዶት!

እግዜር ይማረውና፣ ሰውዬው በሕይወት ሳለ የሚወደድ አልነበረም። ሥራው ጌም መተቸት ነው። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ጥንካሬውንና ድክመቱን በቪዲዮ ይዘረዝራል፤ የአገር ልጆች ከሠሯቸው ሁለቱን በዚያ ምላሱ አፈር አልብሷቸዋል። ባሕር ዳር የመጣውም ሦስተኛውን ሊመዝን ነበር። ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ሦስት ወጣቶች አራት ዓመት የለፉበት፣ ተጫዋቹ በወታደር ዓይን እያየ የሚተኩስበት «ደፈጣ» የተባለ የጦርነት ጨዋታ ነው። ቅዳሜ ሊለቀቅ፣ እነሆ ረቡዕ ላይ ተቺው ሞተ።

ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ ሳጅን አለበል ደረቱን ነፍቶ ደጅ ላይ ጠበቃት።

«አልቋል ኢንስፔክተር። ገዳዩን ይዘነዋል። ድምፅ ሠሪው ነው፣ ሂሻም የሚባለው። ሸበጡን ደረጃው ጫፍ ላይ አውልቆ ገባና በመድፍ ቀለህ መታው። ሸበጡ የሱ መሆኑን ራሱ አምኗል።»

«መግደሉንስ?»

«እሱን እንኳ… ገና ነው።»

«እንግዲያ ያለቀው ያንተ ትዕግሥት ነው።»

ቀለሁ ከባድ ናስ ነው። ልጆቹ ለድምፅ መቅጃ ብለው ከደረጃው አናት ላይ ያቆሙት ሲሆን፣ አሁን አፉ ላይ ደም ደርቆበታል።

አጥሩ በር ላይ አንዲት ወጣት ሻርፗን በሁለት እጇ ጨምድዳ ቆማለች። የሂሻም እህት ሐፍሳ ናት። ቤተሰቧ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራል።

«እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ዓርብ ኒካሁ ነው። የሙሽራዋን አባት አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ሌሊት ጣቢያ ካደረ "በሉ ቅሩ" ነው የሚሉን። ወላሂ ወንድሜ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል!»

«ገድሎ ከሆነ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ» አለቻት የሻሽወርቅ። «ካልገደለ ግን ሳይመሽ በእግሩ ይወጣል። እስከዚያ አታልቅሺ፤ ጆሮዬ ለሥራ ይፈለጋል።»

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ይትባረክ የሞተበት ክፍል ፎቁ ላይ ነው፤ ወለሉ ምንጣፍ ሲሆን የሚወጣበት ደረጃ ግን ከውጭ የተሠራ የእንጨት ደረጃ ነው። ታች ሠዓሊዋ ሊድያ ትሠራለች። ከግቢው ወዲያ ጥግ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ የጨዋታው ጠንሳሽና አለቃ የሀዲስ፣ ሌላው የሂሻም ነው። ከምሳ በኋላ የጣለው ዝናብ ግቢውን በሙሉ ጭቃ አድርጎታል።

ሂሻም በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። እግሩ ባዶ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«የት ነበርህ?»

«ሶላት ላይ። ዘጠኝ ከአርባ ገደማ ታጥቤ ገባሁ። ሸበጤን በር ላይ ትቼው ነበር፤ ጨርሼ ስወጣ የለም። ደጅ የተገኘ ሸበጥ መቼም የማንም ነው፤ አንዱ አድርጎት ሄደ ብዬ ዝም አልሁ። ኋላ ሊድያ ስትጮኽ በባዶ እግሬ ሮጥሁ።»

«ሟቹን ትጠላው ነበር?»

«አዎ፣ እጠላው ነበር። አምና የመጀመሪያውን ናሙና ሰምቶ "ይህ ተኩስ ነው ወይስ ፈንዲሻ?" ብሎ ሕዝብ አሳቀብኝ። መዋሸት አልችልም።»

ሊድያ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ አፏ ግን አልደከመም።

«ሂሻም ነው! ዝም ያለ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አራት ዓመት አብሮን ሲሠራ አሥር ቃል አልተናገረም።»

«አለመናገር እስካሁን ወንጀል አልሆነም። አንቺስ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን፣ ሙዚቃ ከፍቼ። አሥር ከአምስት ላይ ልጠራው ስወጣ ነው ሞቶ ያገኘሁት።»

«ትወጂው ነበር?»

«ምኑን ልውደደው! "የሊድያ ወታደሮች ጠመንጃ ሳይሆን መጥረጊያ የያዙ ይመስላሉ" ያለኝን ሰው!»

የሻሽወርቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች ትንሽ አየቻቸው። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበረች።

«እውነቱን ነው» አለቻት።

ሀዲስ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከላይ እስከ ታች የወታደር መልክ ያለው ልብስ ለብሷል፤ ረጅም ማሰሪያ ያለው ቡትስም ተጫምቷል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ ጆይስቲክ፣ አንድ ሁለት የቢሮ ላስቲክ፣ ብዙ ወረቀት አለ።

«እኔማ በዚያ ሰዓት ከሱ ጋር እየተጫወትሁ ነበር» አለ ሳትጠይቀው። «እሱ ላይ፣ እኔ እዚህ ሆነን። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ስሜ ለአንዲት ደቂቃ ከጨዋታው አልወጣም። ማሽኑ መዝግቦታል፤ ይዩት!»

«ጎበዝ ተጫዋች ነህ?»

«የሠራሁት እኔ!»

«እሱስ ስንቴ ገደለህ?»

«እሱ? እኔን?» ብሎ ሳቀ። «አንድም ጊዜ! በገዛ ምሽጌ ማን ይነካኛል!»

«የጻፈውን ደብተር አይተኸዋል?»

«አስከሬኑን ስናይ፣ ግንባሩ ካልሸፈነው የመጨረሻውን መስመር ብቻ አየሁ። ያው ስድቡ ነው። መጨረሻ ላይ የሂሻምን ድምፅ ሲያጥላላ ነው የሞተው። ሂሻም አንብቦት ይሆናል ደሙ የፈላው።»

የሻሽወርቅ ቁልቁል ቡትሱን አየች። ሱሪውና ቡትሱ መካከል ባዶ ቅልጥም ይታያል፤ ካልሲ የለም።

«ወታደር ነበርህ?»

«አይ፣ እወደዋለሁ እንጂ።»

«እኔ ነበርሁ፤ አልወደውም» ብላ ወጣች።

ከዚያ ፎቁ ላይ ወጥታ በሩን ዘጋችና ደብተሩን አነበበች። ይትባረክ ክፉ ይሁን እንጂ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር፤ ያየውን ሁሉ ከነሰዓቱ በእጁ ይጽፋል። የሐይቁን ጭጋግ «እውነት መስሎ ጀልባ ያስቀዝፋል» ብሎታል። ጠመንጃው በእጅ ላይ እንደሚከብድ ተሰማኝ ይላል። ተኩሱ ከተራራ ተራራ ሲያስተጋባ ደግሞ «ፀጉር ያቆማል፤ አምና የቀለድሁትን አነሣለሁ» ብሎ ጽፏል። ድክመቱ በሌላ ገጽ ነበር። የቆሰለ ወታደር ድንጋይ ተከልሎ አምስት እስኪቆጥር ይድናል። ጠላት ከጎኑ የቆመውን አያይም። የገዛ ጓዶችህ በር ላይ ተገትረው መውጫ ያሳጡሃል። የጠመንጃ አያያዛቸውም መጥረጊያ እንደያዘ ሰው ነው። አምስተኛው፣ ጦርነቱ ለምን እንደተነሣ እስከ መጨረሻው ማንም አይነግርህም።

«አምስት ሲቆጠር የሚድን ቁስል!» አለች የሻሽወርቅ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያማትን ትከሻዋን እያሸች። ሰውዬውን ሳታስበው ወደደችው። ከዚያ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን አነበበች፤ ደገመቻቸው። ወጥታ ባዶ እግሯን ደረጃውን ወረደች፣ ወጣች፣ ሸበጡን በሶፍት ይዛ በእንጨቱ ላይ ጧ ጧ አደረገችው። አለበል ከታች ሆኖ አበደች ብሎ አፉን ያዘ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉንም ሊድያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሐፍሳንም አስገባቻት።

«ሦስታችሁም ትጠሉት ነበር፤ በዚህ አንለያይም» ብላ ጀመረች። «አለበል፣ ስድስተኛውን ድክመት አንብብልን።»

አለበል ጉሮሮውን ጠረገ። «"9:44። ሀዲስ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። ሦስቴ ገደልሁት፤ ሦስቴም ተነሥቶ ያው ሽክርክሪት። ተጫዋች አሸዋው ላይ ይጣበቃል።"»

«ሊድያ፣ ካርታውን የሣልሽው አንቺ ነሽ። ተጫዋች ይጣበቅበታል?»

«በፍጹም! ሜዳ እኮ ነው። የሚያጣብቅ ጠጠር እንኳ የለበትም።»

«የጨዋታውን መዝገብ ክፈችልኝ። ሀዲስ ስንቴ ሞቷል?»

ሊድያ ከፈተች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ሦስት ጊዜ። ከ9:41 በኋላ። ከዚያ ወዲህ… አንዲት ጥይት አልተኮሰም።»

«እኔ ስጠይቀው ግን "አንድም ጊዜ" አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ሀዲስ! ሰው ሦስቴ ሲገደል እንዴት አያውቀውም? ወንበሩ ላይ ካልነበረ ነዋ! የጆይስቲኩን መግፊያ በላስቲክ አስረህ ወታደርህን እያሽከረከርህ ተውኸው። ዝም ብሎ ቢቆም ኖሮ ማሽኑ ያስወጣህ ነበር፤ እንዲህ አይደለም ሊድያ?»

«ሁለት ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ ያስወጣዋል» አለች ሊድያ።

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ሀዲስ። «ኮርቼ ዋሸሁ እንበል፤ ስለዚህ ገዳይ ነኝ?»

«አትቸኩል። ሰባተኛውን፣ አለበል።»

«"9:47። አሸዋ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ኮቴ እንጨት ላይ ጧ ጧ ይላል፤ ወታደሩ ሸበጥ ያደረገ ይመስል! ሲቃረብ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል።"»

ሐፍሳ በእጇ አፏን ሸፈነች።

«ሂሻም፣ በአሸዋው ካርታ የእንጨት ድምፅ አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም። የሸበጥማ ጭራሽ የለኝም።» ትንሽ አሰበና ቀና አለ። «ማይኩ! ለተጋጣሚ መናገሪያው ማይክ ክፍት ከሆነ የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ወደ ማዳመጫው ይመልሰዋል። ጌሙ ይሁን ክፍሉ፣ ለመለየት ያስቸግራል።»

«ምስኪን!» አለች የሻሽወርቅ። «የገዳዩን እግር ሰምቶ የጨዋታ ስሕተት ነው ብሎ መዘገበው። ሀዲስም አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ይህንኑ መስመር አነበበው፤ ስለ ራሱ የተጻፈ መሆኑን ግን አላወቀም። እንዲያውም ሂሻም ተሰደበ ብሎ ደስ አለውና ደብተሩን ተወው። አሁን ስሙ። ይህን ቡትስ ለማሰር ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ቸኮልህ። ከጎረቤት በር ላይ ሸበጥ አየህና እንደማናችንም እግርህን አስገባህ። ሂሻምን ለማስያዝ እንኳ አልነበረም፤ አመል ነው። ደረጃው ላይ ሲንጧጧብህ ደንግጠህ ጫፉ ላይ አወለቅኸው፤ ድምፁ የጠፋው ለዚያ ነው። ቀለሁን አነሣህ። ከዚያ በካልሲህ ስትሮጥ ሸበጡን ረሳኸው፤ ጭቃ የጠጣውን ካልሲም አውልቀህ ጣልህና ባዶ እግርህን ቡትሱ ውስጥ ከተትህ።»

«ሂሻምም እግሩ ጭቃ ነው!» ብሎ ጮኸ ሀዲስ።

«የሱ ጭቃ ውጭ ላይ ነው፤ አገር ያየዋል። ያንተን ግን እስቲ እንየው። ቡትስህን ፍታ።»

ሀዲስ አልተንቀሳቀሰም። አለበል ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሲነካው፣ በጥድፊያ የታሰረ ኖሮ ወዲያው ተለቀቀ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች የሻሽወርቅ።

ቡትሱ ወለቀ። የሀዲስ እግር በጣቶቹ መካከል ሳይቀር የደረቀ ጭቃ ነበር።

«ሊቀብረኝ ነበር!» አለ ሀዲስ በመጨረሻ። እየጮኸ ነበር፣ እንባው ግን ይወርዳል። «አራት ዓመት! ምሳ ላይ ለመንሁት፤ ቅዳሜ እስኪያልፍ ብቻ ዝም በለን አልሁት። ሳቀብኝ። በአንድ ቪዲዮ አራት ዓመቴን ሊቀብረው!»

«ሊድያ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ጨዋታ የሚጥለው ስንት ድክመት ሲያገኝ ነው?»

«ከአምስት ካለፈ ነው» አለች ሊድያ። «እስከ አምስት ከሆነ "ተጫወቱት" ይላል። ሁሉም ያውቃል።»

«ሰባት ጽፏል። ሁለቱ ግን የጨዋታው አይደሉም፤ ያንተ ናቸው። ስንት ቀረ፣ ሀዲስ?»

ሀዲስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ። ቆጥሮ ሲጨርስ አለበል ክንዱን ይዞ አወጣው።

የሻሽወርቅ የሂሻምን ካቴና ራሷ ፈታችለት። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ ስለ ተኩሱ የተጻፈውን አሳየችው። ሁለቴ አነበበው። ሐፍሳ እጁን ይዛ ትስበዋለች።

«ሂሻም» አለች ሊድያ ከበሩ ተደግፋ። «ተሳሳትሁ። ይቅር በለኝ። ሥራው እኮ የአንተም ነው፤ ሁለታችን እንጨርሰዋለን፣ እ?»

ሂሻም ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሲወጣ ጨዋታው ድምፁን ሁሉ የሚያመጣበትን ጥቁር ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ይዟል።

«አራት ዓመት አብረን በላን» አለ። «አንድ ሸበጥ ስታዩ ግን ሁለታችሁም "እሱ ነው" አላችሁ። አንዳችሁ እንኳ "እስቲ እንጠይቀው" አላላችሁም። ድምፄን ወስጃለሁ።»

ወንድምና እህት ጭቃውን እያቋረጡ ወጡ። ሊድያ ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ «ደፈጣን» ከፈተች። ጭጋጉ ወረደ፣ ወታደሩ ጠመንጃውን አነሣ። ቃታውን ሳበችው። ከአፈሙዙ እሳት ወጣ፣ ጠላት ወደቀ፣ ምንም ነገር አልተሰማም። ደግማ ተኮሰች። ሠልሳውንም ጥይት እስክትጨርስ ድረስ ተኮሰች።