የዘንዶው ድርሻ

በዞማር መንግሥት፣ በመከር ማግስት፣ የዙፋኑ አዳራሽ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ዓይነ ስውሯ ነቢይት እመት ዮርዳ ተነሥታ፣ «የጣላችሁት ያድናችኋል፤ ያወጣው ግን በቦታው ሰው ይተካል!» ስትል ተናገረች።

ነገሩ ለማንም አልተሰወረም። የአመድ ትኩሳት የሚሉት ወረርሽኝ ሰውንም ከብቱንም ሲያጭድ፣ የተረፉት በጉርማ ገደል አፋፍ ልጣጭ የሚለቅሙ ፍየሎች ብቻ ነበሩ። የዞማር ሰው ወርቃማውን የኢርባ ፍሬ ጨምቆ ይጠጣና ልጣጩን ገደል ይከተዋል፤ ከታች ለተኛው ዘንዶ ድርሻው ነውና። አንዲት ልጣጭ ቤቱ ያስቀረ እንደ ሌባ ይቆጠራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው ለዘንዶ ሲያበሉ ኖረዋል።

ሲራት የምትባል ወጣት በንጉሥ ዘርዳሽ ፊት ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እናቴ እየሞተችብኝ ነው። ልጣጩን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ሰይፉን አስታጠቃት። «ሂጂ ልጄ፤ ከዚህና ከእንባዬ በቀር የምሰጥሽ የለኝም» አላት። ታላቅ ወንድሟ ኖሃርም ገመድ ተሸክሞ ተከተላት።

ከገደሉ ሥር የመከሩ ልጣጭ ተራራ ሆኖ ይጤሳል፤ ዘንዶው በላዩ ተጋድሟል። ሲራት ሰይፏን መዝዛ ሰነዘረች፤ ሰይፉ ቅርፊቱን ሲነካ እንደ አገዳ ተቀነጠሰ።

«ውሰዱ» አለ ዘንዶው፣ ድምፁ ዓለቱን እያናጋ። «ግን አንዳችሁ ይቀራል፤ የእኔን ድርሻ እየበላ፣ ከእኔ ጋር።»

«እኔ እቀራለሁ!»

«ዝም በይ!» አለ ኖሃር፣ ሁለት ከረጢት እየሞላ። «ገመዱ አጥሯል። እኔ በትከሻዬ አነሣሻለሁ፤ አንቺ እኔን አታነሺም። እናታችንን ድረሽላት፣ እህት ዓለም።»

አለቀሰች፣ ለመነችው። ሌላ ምን ታደርጋለች? ወጣች።

የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ከረጢት በጥድፊያ አፈሉት፤ ኃይሉ ከእንፋሎቱ ጋር በነነ፤ የጠጡትም አልዳኑ። ፍየሎቹ የበሉት ጥሬውን ነበር። ሲራት ሁለተኛውን ከረጢት ነጥቃ ወቀጠችው፣ በአረቄ ዘፈዘፈችው፣ በጨርቅ አጠለለችው። መራራው ወርቃማ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እናቷ ታጣጥራለች፤ ጠብታው ግን አይቸኩልም። እጇን አጣጥፋ ከማየት በቀር ምንም ምርጫ አልነበራትም።

እናቷ በመጨረሻ ጠጥታ ዓይኗን ገለጠች።

«ኖሃርስ?» አለች።

ሕዝቡ በእልልታ አደባባዩን ሞላው። ንጉሡም፣ «ከእንግዲህ አንዲት ልጣጭ ገደል የጣለ በሞት ይቀጣል!» ሲል አወጀ።

ሲራት እግሩ ላይ ወደቀች። «ወንድሜስ ምን ይብላ?»

በየመንደሩ ገና የሚያቃስት ብዙ ነበር። ንጉሡ አንገቱን ደፋ፤ አዋጁ ግን ጸና።

ከዚያ ወዲህ ሲራት በየመከሩ ልጣጭ በልብሷ ሸሽጋ ወደ ጉርማ ገደል አፋፍ ትሄዳለች። «ደረሰኝ!» ይላት ነበር ኖሃር ከታች። ዘንድሮ እናቷም አብራት ሄደች። ጣሉ፤ ጠበቁ። ከታች ምንም አልተሰማም። እናትየው መቀነቷን ፈትታ የቀረችውን አንዲት ልጣጭ ወረወረች።

«ተኝቶ ይሆናል» አለች።