ጀርባውን ለባሮ የሰጠ ድንኳን

ልጆቼ፣ ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። የነጋዴው የኦሞድ ሬሳ በባሮ ወንዝ ዳርቻ፣ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ተገኘ። መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ ኛዌች ስትደርስ የበጋው ሙቀት ገና በጠዋቱ ያፍናል።

«ታፍኖ ነው» አላት የአልጋ ቤቱ ባለቤት ኤልያስ። «ሰው ላስቲክ ውስጥ ይተኛል? እኔ ጋ አልጋ ሞልቶ!»

ኛዌች የሟቹን ራስ ቀና አደረገች። ማጅራቱ ተሰንጥቋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን ጠብታ ደም የለም።

«ላስቲክ ማጅራት ይመታል እንዴ?»

ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ ይግዛው ዞረ። ይግዛው የመቲ ሰው፣ የኦሞድ የንግድ ጓደኛ ነው። ቡናና ደረቅ ዓሣ ይዘው ከመቲ እስከ ፑኝዶ ሲዞሩ፣ በየከተማው አልጋ ከመከራየት ብለው ይህን በብብት የሚያዝ ቀላል ድንኳን አዋጥተው ገዙ። ሌሎች ነጋዴዎችም እነሱን አይተው መግዛት ጀምረዋል።

«ትናንት የት አደርክ?»

«አሞኝ ዘመድ ቤት። ባላመመኝማ አብሬው ነበርኩ!»

«እሰሩት!» አለ ኤልያስ። «ድንኳኑንም አቃጥሉት!»

የኦሞድ እህት አባንግ ከፊቱ ተገተረች። «የወንድሜን ቤት የሚያቃጥል፣ እኔን ቀድሞ ያቃጥል!»

ኛዌች ድንኳኑን ዞረችው። በሩ ወደ መንገድ ነው፤ ከላይ የሚደረብለትን የዝናብ ልብሱንም ለብሷል። አባንግን ለብቻዋ ወስዳ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ድንኳኑንም አስነቀለች።

«ይግዛው፣ ትከለው።»

ይግዛው ፊቱን ወደ ነፋሱ መለሰ። በሩን ለወንዙ ሰጠ፤ የዝናብ ልብሱን አጥፎ ተወው። ኛዌች እንደገና አስነቀለችው።

«ጋሽ ኤልያስ፣ እርስዎስ?»

«እኔ? ነክቼው አላውቅም!»

«ይሞክሩታ! አልጋ ከማንጠፍ አይከብድም።»

ሰው ሳቀ። ኤልያስ እልህ ያዘው። ዘንጎቹን ማንንም ሳይጠይቅ በየቦታቸው ሰደዳቸው፤ በሩን ወደ መንገድ አዞረ፤ የዝናብ ልብሱን አለበሰው።

«አያችሁ?» አለች ኛዌች። «ኦሞድ በዚህ ሙቀት ጀርባውን ለባሮ ነፋስ ሰጥቶ፣ ተከናንቦ አያድርም። አባንግ ነግራኛለች። ይግዛውም ያውቃል። በር ሁሉ ወደ መንገድ የሚመስለው እንግዳ የሚጠብቅ የአልጋ ቤት ሰው ነው። ነክቶት የማያውቅ እጅስ ዘንጎቹን እንዴት አወቃቸው? ሌላ ቦታ ገድለህ አመጣኸው ኤልያስ፤ ሞቱን በድንኳኑ ልታሳብብ።»

«ሰው ሁሉ ቤቱን በጀርባው ካዘለ፣» ብሎ ጮኸ ኤልያስ፣ «የእኔን በር ማን ያንኳኳል?»

ይዘውት ሄዱ።

አባንግ፣ ልጆቼ፣ አልቅሳ ብቻ አልቀረችም። ድንኳኑን በትከሻዋ ይዛ ሄደች፤ ከኤልያስ አልጋ ቤት ደጃፍ ተከለችው። ጀርባውን ለአልጋ ቤቱ፣ በሩን ለባሮ።

«ዛሬ እዚህ ነው የማድረው» አለች። «ነገ የወንድሜን ንግድ ይዤ ከይግዛው ጋር ፑኝዶ።»