በገዛ ፈቃዷ

«ፈርሚና አሳልፊው» አለ የክፍሉ አለቃ አዝመራው፣ ወረቀቱን የስሜነሽ ደብተር ላይ እያስቀመጠ። ሃያ ሦስት ተማሪ ፈርሟል።

ስሜነሽ ከላይ ጀምራ አነበበችው። ለፖሊስ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። «ተማሪ ውብአየሁ ማንም ሳያዛት፣ በገዛ ፈቃዷ ወደ መኪናው ተጠግታ...» ይላል። ከዚያ በታች ያለው ፊደል ተምታታባት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ለአጥር የመጣውን የባሕር ዛፍ ግንድ ከመኪና እንዲያወርዱ ተማሪዎቹን የላኩት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነበሩ። ውብአየሁ «ገመዱ ላልቷል እኮ» ብላ ነበር። «ወሬሽን ትተሽ ያዢ!» አሏት። ያዘች። ግንዱ ሲናድ ስሜነሽ ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የራቀችው። ውብአየሁ ሦስት ቀን ሆስፒታል ቆይታ ዓርብ ዕለት አዲስ ቅዳም አጠገብ ካለው መንደራቸው ተቀበረች። ስሜነሽ የጓደኛዋ እናት እንዳያዩዋት ከዛፍ ጀርባ ቆማ ቀብሩን አይታ ተመለሰች።

ይበልጥ ያመማት ወረቀቱን ያመጡት መምህር ይኸነው መሆናቸው ነው። እንግሊዝኛ የወደደችው በእሳቸው ነው። የአደጋው ዋዜማ ዕለት እንኳ «ኦብጀክት» የሚለውን ቃል አስተምረዋቸው ነበር። «መጀመሪያው ላይ ጫን ብላችሁ ካነበባችሁት ዕቃ ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ከሆነ ግን መቃወም። ደግሞ ግሡ ባዶውን አይቆምም፣ ‹ቱ› ይከተለዋል። የምትቃወሙት ምን እንደሆነ ስሙን ጥሩት» ብለው። ውብአየሁ መጀመሪያው ላይ ተጭና «አይ ኦብጀክት» ስትል፣ «አንቺ ዕቃ ነሽ እንዴ?» አሏትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራሷ ነበረች።

«ስሜ፣ አታካብጂ» አለ አዝመራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብትፈርሚም ባትፈርሚም አትነሳም።»

«ምን ሆናችሁ እዚያ?» አሉ መምህር ይኸነው ከሰሌዳው አጠገብ።

ስሜነሽ ብድግ አለች። በአማርኛ ልትናገር አስባ ነበር፤ የወጣው ግን «አይ ኦብጄክት» ነው፣ መጨረሻው ላይ ጫን ብሎ።

«ቱ ዋት?» አሉ መምህሩ እንደ ልማዳቸው። ቃሉ ካፋቸው እንደወጣ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«‹ማንም ሳያዛት› ለሚለው፣ ቲቸር። ታዘን ነው የሄድነው። እርስዎም ያውቃሉ።»

አንድም ልጅ ቀና አላለም። መምህር ይኸነው መጥተው ወረቀቱን ከፊቷ አነሱት።

«እኔ አልጻፍኩትም» አሉ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ያልፈረመ ነገ ወላጁን ይዞ ይምጣ ተብሏል።» ከዚያ ወረቀቱን ከኋላዋ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጡ። ልጅቷ ፈረመች።

ከትምህርት ሲለቀቁ ማንም አልጠበቃትም። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትንሽ ሄደችና ቆመች። ተመልሳ እንጅባራ መናኸሪያ ገባች፤ አዲስ ቅዳም የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጥታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ከወረደች በኋላ እስከ መንደሩ ያለውን ጭቃ በእግሯ ተያያዘችው።

የለቅሶው ድንኳን ገና አልፈረሰም። የውብአየሁ እናት ፀጉራቸውን ተላጭተው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ዩኒፎርሟን ሲያዩ እጇን ለቀም አደረጉ።

«አንቺም እዚያ ነበርሽ?» አሏት በአዊኛ። «የመጣው ሁሉ ከሩቅ ነው ያየሁት ይለኛል።»

ስሜነሽ ጭቃ የጠጣ ጫማዋን አውልቃ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አጠገቧ ነበርኩ፣ እማማ» አለች። «ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»