ጠባሳ የሌለው ሟች

በ፳፻፯ ዓ.ም. ክረምት፣ ከቁስቋም ግርጌ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል፣ አወቀ ዋኘው የተባለ የእንፍራንዝ ገበሬ በአስከሬን ክፍሉ አልጋ ላይ ተጋድሟል። የሳንባ ምች ይዞት መጥቶ፣ የፔኒሲሊን መርፌ እንደ ተወጋ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሹ ተቋረጠ። መርፌውን የወጋችው ነርስ ፈህሚያ ተይዛለች፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥራ ከመምሸቱ በፊት ለዐቃቤ ሕግ ልትተላለፍ ነው።

ጡረታቸው የተቃረበው ኢንስፔክተር አብዱልመናን አንሶላውን ከእንብርቱ በታች ድረስ ገልጠው አስከሬኑን በጥሞና ተመለከቱ። ከዚያም መልሰው ሸፍነውት ወጡ።

የሟቹ ሚስት ሽታዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ምነው አያ፣ ምነው ሸጋውን ሰው ገደሉብኝ? መርፌው እንደማይስማማው እኮ እዚሁ ያውቃሉ! ዐምና ወግተውት ሊሞት ነበር። ሐኪሙ ‹በቀይ ጽፈነዋል፣ ከእንግዲህ አትስጉ› ብሎ ሸኘን።»

«ትናንት ለምን ደግመሽ አልነገርሻቸውም?»

«ዘበኛው በር ላይ አስቀረኝ። ባሌም በትኩሳት ይቃዥ ነበር። በቀይ ተጽፏል ብዬ አምኜ ተቀመጥሁ።»

ኢንስፔክተሩ ፈህሚያን ከሚጠብቃት ፖሊስ አጠገብ አገኟት።

«ቀዩን ምልክት አላየሽውም፣ ልጄ?»

«አልነበረም ጋሼ! ስክሪኑ እንዲያውም ዐምና ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ሲያወጣ ይኸንኑ መርፌ ወስዶ ተስማምቶታል ይላል። የቆዳ ሙከራውን የዘለልሁት ያን አምኜ ነው።» እጆቿን አንሥታ የሰው ዕቃ የያዘች ይመስል አየቻቸው።

«ትርፍ አንጀት አልሽ?»

«አዎ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ አመሩ። በዚያ ሦስት ባለሙያዎች አሉ፦ የሕሙማን ፋይል የተከማቸበት ሰርቨር ጠባቂ ጃቢር፣ ፕሮግራም የሚሠራው ዓለምነው፣ መዝገቡን የምትመራው ሄለን።

«ሰርቨሩን የሚነካው ማን ነው?»

«የፈለገ ሁሉ!» አለ ጃቢር፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ጠባቂው እኔ ነኝ ይባላል እንጂ እነዚህ ሳይነግሩኝ ይቀያይሩታል። እኔ ያፈረሱትን ስጠግን እውላለሁ። ለአለቃችን ብናገር ‹ተስማሙ› ብሎ ይመልሰኛል።»

«አንተን ስናስፈቅድ እንቁጣጣሽ ይደርስብናላ!» ብላ ሄለን ሳቀች።

«ደጅ ጥናት እንግባ እንዴ?» ሲል ዓለምነው አከለበት።

ኢንስፔክተሩ የሟቹን ፋይል አስከፈቱ። ከስሙ ግርጌ ያለውን ስልክ ቁጥር አይተው በራሳቸው ስልክ ደወሉና ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አቤት! አወቀ ዋኘው ነኝ፤ ማን ልበል?»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ከተኝቶ ማከሚያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ስልኩን ያነሣው ሰው፣ ደልደል ያለ የአራዳ ገበያ የጨርቅ ነጋዴ፣ ከሁሉም ፊት ተቀምጧል።

«ይቅርታዎን አቶ አወቀ፣ ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉልኝ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ነጋዴው እየተሽኮረመመ ገለጠ። በሆዱ ቀኝ በኩል የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ታየ።

«ሟቹ ትርፍ አንጀቱ ወጥቷል ይላል ፋይሉ» አሉ ኢንስፔክተሩ። «የሟቹን ሆድ አይቻለሁ፤ ምላጭ እንኳ አልነካውም። እንግዲያስ ሲስተር ፈህሚያ ያነበበችው የእርስዎን ታሪክ ነው። አያትዎ ማን ይባላሉ?»

«ደመቀ።»

«ሽታዬ፣ የባልሽስ አያት?»

«ክንዱ።»

«ዓለምነው፣ ጃቢር ባወጣልኝ ዝርዝር ቅዳሜ ሰርቨሩን የነካኸው አንተ ነህ፤ ምን ሠራህ?»

«ማሽኑ ቢዘገይብኝ የአያት ስምን ለጊዜው ከመዝገቡ አነሣሁት። ይህ ማንን ይገድላል?»

«ማንንም። ሁለቱ ፋይሎች ያን ጊዜ ገና ለየብቻቸው ነበሩ። ሄለን፣ እሑድስ?»

«ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሕሙማን ነበሩ» አለች፤ ድምፅዋ ሰለለ። «በስም እስከ አያት አንድ የሆኑትን አዋሃድሁ። ዕድሜና አድራሻው በግምት ስለሚሞላ ተውሁት። አያቱ ከተለያየ ግን ማሽኑ አይነካውም!»

«አያት ሲኖር ነዋ። አያት ከጠፋ ባዶው ከባዶው ጋር አንድ ይሆናል። ማሽኑ ሁለቱን አወቀዎች አንድ ሰው አደረጋቸው፤ የነጋዴውን ፋይል አስቀርቶ የገበሬውን ከነቀይ ምልክቱ ጣለው። አንዳችሁ ለጃቢር ብትነግሩት ኖሮ ይህ ሰው ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ጃቢር አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ገዳዩ ማን ነው፣ አያ?» አለች ሽታዬ።

ኢንስፔክተሩ ወደ ፈህሚያ ተመለከቱ። «ሕጉ የሚጠይቀው መርፌውን የያዘውን እጅ ነው። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ፈህሚያም ዛሬ በዋስ እንድትወጣ እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ ሥልጣን የለኝም።»

ዓለምነው ብድግ አለ። «ቢያንስ ስሕተቱ ታርሟል። የአያት ስሞቹን ጠዋት መልሻቸዋለሁ።»

«ምን?» ሄለን ደነገጠች። «እኔ እኮ ከምሳ በፊት የመዝገቡን የድሮ ቅጂ ጭኜበታለሁ!»

«ሁለታችሁም?» ጃቢር በአዳራሹ ጥግ ወዳለው ስክሪን ሮጠ። ስሞቹ ተደበላልቀው፣ ያንዱ አያት ለሌላው ተሰጥቷል። የጨርቅ ነጋዴው አጎንብሶ ቢያይ አያቱ ሐዲጃ ተብለዋል። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ፈህሚያ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ፖሊሱ ሊከለክላት ሲል ኢንስፔክተሩ በዓይናቸው ገቱት። ወደ ተኝቶ ማከሚያው ገብታ ከመጀመሪያው አልጋ ጀመረች።

«አያ፣ የአያትዎ ስም ማን ይባላል? የማይስማማዎ መርፌስ አለ?»

በሽተኞቹ ግራ እየተጋቡ መለሱላት፤ እርሷም አንድ በአንድ ደግማ አረጋገጠች። በመጨረሻው አልጋ ላይ ራሳቸውን የሳቱ ሽማግሌ ተኝተዋል። አስታማሚ የላቸውም። መርፌያቸው ተሞልቶ ከራስጌያቸው ተቀምጧል።

ፈህሚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

«የእኚህንስ ማን ይነግረኛል?»