ከበሮው የፈጠነበት ካሴት

ዛር ያዘው፣ መንፈስ ተናገረው የሚል ወሬ ሲነሳ ከመካከል ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እንዲያውም ክፉ ናት ከሚያሰኙኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ብታምኑም ባታምኑም ለኔ ያው ነው፣ ኀፍረቱ የራሴ ነው።

የባሌ እህት ይታይሽ በሙጃ የሠርግ ዘፈን አውራጅ ነበረች፣ እኔ ከበሮ መቺ። ድምፄ ከሷ አያንስም ነበር፣ ዛሬም ይህን ቃሌን አላጥፍም፣ ግን አንድ ቀን እኔም ላወርድ አፌን ስከፍት በሴቱ ሁሉ ፊት «አንቺ ዘርፌ፣ ምቺ፣ አፉን ለኔ ተይው» አለችኝ፣ ሴቱም ሳቀ። ለሷ ቀልድ ነበር ይሆናል። እኔ ቂም ያዝኩባት።

የባሌ ታናሽ ወንድም ሲያገባ አንድ ዘመድ ቴፕ ይዞ መጥቶ ዘፈኑን ቀዳው። ይታይሽ ረጋ አድርጋ አስነሳችው፣ እኔም እስኪጋመስ ጠብቄ ከበሮውን በጥቂት በጥቂቱ አስሮጥኩት፣ ማንም ልብ ሳይል፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ። ድምፅዋ ተሰብሮ ቆመች። ለሙሽሮቹ አይበጅም ተብሎ ብዙ ተወራ፣ እሷም ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም። ካሴቱ ሲከፈትና ፍጥነቱ ሲሰማ ደግሞ «የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ፣ ሁሉም አመነኝ።

ባለፈው ወር የይታይሽ ልጅ እናትነሽ አሁን ወደምኖርበት ላሊበላ ቤቴ ድረስ መጣች። ወልድያ ሙዚቃ ታስተምራለች፣ ካሴቱን ወደ ስልኳ አስገልብጣዋለች። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ባጃጁ ይተላለፋል፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

«እቴቴ፣ ያን ቀን ከነበሩት ሴቶች በሕይወት ያላችሁት እናቴና እርስዎ ብቻ ናችሁ» አለችኝ። «ቅኝቱ አምባሰል ነው። ሲነሳ በደቂቃ ዘጠና ምት ነው፣ ሲቋረጥ መቶ አርባ ደርሷል።»

«ድንጋዩ ደክሞ ነው።»

«ድንጋይ ቢሆን ድምፁም አብሮ በቀጠነ ነበር። የእናቴ ድምፅ ግን ከተነሳበት ንቅንቅ አላለም፣ የሮጠው ከበሮው ነው። ሆን ብላ ያስሮጠችው ሰው አለች።»

«ደመወዝ የሚከፍሉሽ ለዚህ ነው?»

ሳቀች። «ለዚህማ ማን ይከፍለኛል። እናቴ በሠርግ መሀል ዘፈን አበላሸሁ እያለች ነው ያረጀችው፣ ጥፋቱ የሷ እንዳልነበረ ልንገራት ብዬ ነው።»

ከፈተችው። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን አምባር ነው፣ የከበሮውን ጠርዝ ሲነካ፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ያው አምባር ዛሬም እጄ ላይ አለና እጅጌዬን ሳብኩበት። ቀጥሎ ጭብጨባው፣ ቀጥሎ እሷ። ያስሮጥኩበት ቦታ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እመኑኝ፣ ከበሮው አልሮጠም። እንደረጋ ቀጠለ፣ ድምፅዋ የተሰበረበትን ቦታ አለፈ፣ ከዚያ ያን ቀን ያልተዘፈነ ስንኝ መጣ፦

«ከበሮው ሲመታ ልቤን ደስ ደስ አለው፣
የመቺዋን እጇን ክፉ ነገር አይንካው።»

በኛ አገር አውራጅ ዘፈኑን የምትዘጋው መቺዋን መርቃ ነው። ያቋረጥኩት የራሴን ምርቃት ነበር።

እናትነሽ ስልኩን አቀርቅራ ታያለች። «ይኸ እኮ የለበትም፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። መልሳ ከፈተችው። ሮጠ፣ ተሰበረ፣ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ያው ነው። ያን ስንኝ ከየት እንደሰማነው እሷም እኔም አናውቅም።

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ «ከበሮውን የመታችው ማን ነበረች? እናቴን ስጠይቃት ረሳሁ ትለኛለች» አለችኝ።

ይታይሽ በልጅነቷ የሰማችውን ስንኝ እንኳ የማትረሳ ሴት ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ሸሽጋኛለች ማለት ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

«ብርቄ ናት፣ ነፍሷን ይማረው፣ ጎረቤታችን ነበረች» አልኳት። ብርቄ ከበሮ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አታውቅም።

እናትነሽ ጉልበቴን ስማ ሄደች። በማግስቱ ከሙጃ ደወለችልኝ፣ ለእናቷ ነግራታለች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ብርቄ ናት ስላት ‹ብርቄ?› ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ኋላ ግን ‹ዘርፌ እንዲያ ካለችሽ፣ እሷው ትሁን› አለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ እኔም ሙጃ አልሄድኩም፣ ይታይሽም አልደወለችም።