የብሎክ ስድስት ብርድ

ሰውየው ከኋላዋ ነው።

ሰማያዊ ጃኬት፣ ጥቁር ኮፍያ። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ይኼ ሦስተኛው ነው፤ ሦስተኛውን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰላይ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ሶልያና ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ አንድ ሽንኩርት ሻጭ ፊት ቆማ የምትመርጥ መሰለች። አንዱን ሽንኩርት አንሥታ አገላበጠችው።

ለቀጠሮው አራት ደቂቃ ቀረ።

ካሳዬ ከወዲያኛው ጫፍ ብቅ አለ። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። እስረኛ ነው፤ ግን አጃቢ የለውም። ያለበት ቦታ ክፍት እስር ቤት ይባላል። ግንብ የለውም፣ በሩም አይቆለፍም። ፍርዳቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ሰዎች ጠዋት ወጥተው ለንደን ውስጥ ይሠራሉ፣ ማታ በእግራቸው ይመለሳሉ። ካሳዬ ዋይት ሲቲ ካለ አንድ ላውንደሪ ነው የሚሠራው። በምሳ ሰዓት ገበያው ድረስ መምጣት ተፈቅዶለታል። ከዚያ ውጭ አንዲት እርምጃ ከተሳሳተ ቫን ይመጣና ቁልፍ ወዳለበት እስር ቤት ይመልሰዋል። ሊፈታ ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶታል። በአሥረኛው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ አንድያ ልጁ መቅዲ ታገባለች።

ግንብ የሌለው እስር ቤት ሰውን የሚይዘው እንዲህ አድርጎ ነው። በቀረችው ትንሽ ነገር።

ካሳዬ ከጎኗ ቆመ። አላያትም። ቀይ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። የሷም ፌስታል ቀይ ነው።

«ሁሉም አለ?» አለች አንገቷን ሳታዞር።

«አርባ አንድ ቀን። አንድም አልዘለልኩም።»

«ይሂዱ። የሚከታተለኝ ሰው አለ።»

«አንቺስ ልጄ?»

«ይሂዱ አልኩዎት!»

መንታ ልጆች በጋሪ የምትገፋ እናት በዚያች ቅጽበት ከፊታቸው አለፈች። ጋሪው ሲያልፍ ካሳዬ የሷን ፌስታል ይዞ ሄዷል። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው ፊቱን አዞረ።

ወደ ካሳዬ አይደለም። ወደ እሷ ነው።

መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ የካሳዬን ፌስታል አነሣችና ወደ መንገዱ ገሠገሠች።

አውቶቡስ ውስጥ ዘላ ገባች፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ወረደች። ሌላ ያዘች። የአውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወጥታ ካሳዬ ከሽንኩርቱ ሥር የደበቀውን ደብተር አወጣችና ከሹራቧ ሥር ቀበቶዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

ሶልያና እስር ቤቱ ውስጥ «ሶኒያ» ናት፤ ለንደን የተወለደች፣ አማርኛ የማትሰማ የወጥ ቤት ሠራተኛ። የላኳት ወይዘሮ አልታየሽ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ የእስር ቤቱን አያያዝ በነፃ የሚከታተለው የገለልተኛ ተቆጣጣሪዎች ቡድን ሰብሳቢ። ሴትየዋ ለጉብኝት በሄዱ ቁጥር አዲስ ቀለም ይሸታቸዋል። ሁሉም ነገር ሞቅ ያለ፣ ሁሉም እስረኛ ደስተኛ። «ጤነኛ ቤት በየወሩ አይቀባም» አሉና ደንብ ይፍቀድ አይፍቀድ ሳይጨነቁ ሶልያናን አስገቡ።

ሦስት ሳምንት ማንም አላወቃትም። በአራተኛው ለካሳዬ ሳህኑን ስታቀብለው ግራ እጇ ሳታስበው የቀኝ ክንዷን ደገፈ። ለታላቅ ሰው እንዲህ ነዋ የሚሰጠው። ካሳዬ ሳህኑን ተቀበለና በቀስታ «እጅሽ አማርኛ ያውቃል» አላት። እሱ ግን የፈለገው ሊያጋልጣት አልነበረም። እሱ የሚኖርበት ሕንፃ፣ ብሎክ ስድስት፣ ማሞቂያው ከተበላሸ ወራት አልፏል፤ ሃያ ስድስት ሰው ይንቀጠቀጣል። ሦስት ደብዳቤ በአማርኛ ጽፎ የአቤቱታ ሣጥኑ ውስጥ ከቷል። መልስ የለም። የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ወይዘሮ አልታየሽ እጅ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሣጥኑን ሦስቴ ከፍተው ባዶ ነው ያገኙት።

ኤርምያስ ዋይት ሲቲ የገበያ ማዕከል ምግብ አዳራሽ ውስጥ እየጠበቃት ነበር። የቡድኑ አባል ነው። የሷን መልእክት የሚቀበለው እሱ ነው። የሚስጥር ስሙ «ደወል» ነው፤ እሷ «ዋኔ»፤ ካሳዬ ደግሞ «አናጢው»። የአናጢውን እውነተኛ ማንነት ለደወል ነግራው አታውቅም።

«ተከተሉሽ?»

«አንድ ሰው። አራግፌዋለሁ።»

«ጎበዝ። አናጢው ሰጠሽ?»

አዎ ልትል አፏን ከፈተች።

«ቶሎ በይ» አለ ኤርምያስ። «ወልደ ሚካኤልን ዛሬውኑ ሴፍ ማድረግ አለብን። የቱ ነው ሰውየው? ሊስቱን በሙሉ ቼክ አደረግኩ፣ የለም እኮ።»

አዎ ማለቱን ተወችው።

እስር ቤቱ ውስጥ ወልደ ሚካኤል የሚባል ሰው የለም። የካሳዬ የክርስትና ስም ነው። እንዳይታወቅ ብሎ ሦስቱንም ደብዳቤ በክርስትና ስሙ ብቻ ነው የፈረመው። ያ ስም ከጠፉት ደብዳቤዎች ሌላ የትም አልተጻፈም። ኤርምያስ ደግሞ ያደገው ጴንጤቆስጤ ቤት ነው። በቤታቸው በክርስትና ስም የሚጠራ ሰው ስላልነበረ፣ ሰውየው በመዝገብ ስሙ የፈረመ መስሎት ዝርዝር ለዝርዝር ሲፈልገው ከርሟል።

ደብዳቤዎቹን የወሰደው እሱ ነው።

«አልመጣም» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ፌስታሉስ?»

«ሽንኩርት ነው።»

ኤርምያስ ፈገግ አለ። እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ፌስታሉ ውስጥ ከተተ። የደብተሩ ጠርዝ ጎኗን ይወጋታል። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው ደረጃውን ወጥቶ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ተቀመጠ። ኤርምያስ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ሰው ግን የማያውቀውን ሰው ላለማየት እንዲህ አይጠነቀቅም።

ሽንኩርት ብቻ።

«ሶሊ፣ እኔ እኮ ሰውየውን ላድነው ነው። ስሙን ንገሪኝ።»

«ነገ እነግርሃለሁ።»

ሽንት ቤት ብላ ተነሣች። በሠራተኞች በር ወጣች። ባቡር ይዛ ዌምብሊ፣ ወይዘሮ አልታየሽ ቤት ሄደች።

ወይዘሮ አልታየሽ የሆነውን ሁሉ ሰሙ።

«በየእሁዱ ከቸርች ቤቴ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ያለበትን ቦርሳዬን መኪናው ውስጥ ጥዬ ስንቴ ሱቅ ገብቻለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አብሬው ጸልያለሁ፣ ሶልያና።»

ከዚያ ደብተሩን ገለጡ። ካሳዬ በየማለዳው ቴርሞሜትር አይቶ ጽፏል። ዘጠኝ ዲግሪ። ሰባት። ስድስት። በሃያ ሦስተኛው ቀን ከቁጥሩ ሥር አንድ መስመር አለ፦ «ሮይ ዛሬ አልተነሣም።» ሮይ ከካሳዬ ጎን የሚተኛ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበር። የእስር ቤቱ መግለጫ በሞቀ ክፍል ውስጥ በተኛበት አረፈ ይላል።

«ስም የለውም» አሉ ወይዘሮ አልታየሽ። «ማን ለካው ይሉኛል። የቡድናችን ሪፖርት ለበላይ አካል ነገ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ፊርማ ከሌለው ተረት ነው ብለው ይጥሉታል።»

«ከፈረሙ ይመልሷቸዋል እኮ! ሠርጉስ?»

«አውቃለሁ ልጄ። ፈርሙ አትበያቸው። ጠይቂያቸው ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት ላውንደሪው ያለበት መንገድ ላይ ደረሰች። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ በፖስታ ውስጥ እጇ ላይ ነው። በሩ አሥር እርምጃ ቀርቷታል።

መኪናው ማዶ ቆሟል። መሪው ላይ ኤርምያስ። ጎኑ ሰማያዊ ጃኬት።

ስሙን እስክትነግራቸው አልጠበቁም። ራሷ እንድትመራቸው ተከትለዋታል።

ከገባች ካሳዬን በጣቷ ጠቆመችላቸው ማለት ነው። ካልገባች ሃያ ስድስቱ ሰዎች እዚያው ብርድ ውስጥ ይቀራሉ። ፈራች። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። እርምጃዋን ሳትቀንስ በሩን አለፈችው።

«ልጄ!»

አልዞረችም።

«አንቺን እኮ ነው!» ካሳዬ እጁ በሳሙና እንደራሰ መንገዱ ላይ ወጥቷል። በመስኮት አይቷታል።

«አላውቅዎትም። ይግቡ፣ እባክዎ ይግቡ!» ዕንባዋ መጣ። «እዚያ ማዶ ናቸው። ወረቀቱ ፊርማ ይፈልጋል፣ ከፈረሙ ግን...»

«ገባኝ።»

«መቅዲስ?»

ካሳዬ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። «ሮይም ልጅ ነበረው» አለ። ፖስታውንና አብሮት የነበረውን እስክሪብቶ ከእጇ ወሰደ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ሙሉ ስም። የእስረኛ ቁጥር።

ኤርምያስ እየሮጠ መንገዱን ተሻገረ። «ወልደ ሚካኤል እርስዎ ነዎት?»

ካሳዬ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለሶልያና መለሰና ቀስ ብሎ ዞረ። «በዚህ ስም የሚጠሩኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። አንተ ከየት አገኘኸው?»

ኤርምያስ እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ። ሶልያና ሮጠች። ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች። ሰማያዊው ጃኬት ነው። ማዕዘኑን ታጠፈች፣ ባቡር ጣቢያው ገባች፣ የሚዘጋው የባቡር በር ኮቷን ያዘው። መንጭቃ አስለቀቀችው።

ሪፖርቱ ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ገባ።

ብሎክ ስድስት በአሥራ ሁለት ቀን ተዘጋ። የሮይ አሟሟት እንደገና ይመርመር ተባለ። እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት የኃላፊነት ሥራ ቃል ገብቶለት የነበረው ኤርምያስ ከሥራውም ከቡድኑም ውጭ ሆነ። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰውም ሰው የዚያው ድርጅት ተቀጣሪ ነበር። ካሳዬን ግን በዚያው ቀን ቫን መጥቶ ወሰደው። በደብተሩ ምክንያት አላሉም። ከሥራ ቦታው ያለ ፈቃድ ወጥቷል ነው ያሉት፤ ሁለት ደቂቃ፣ አሥር እርምጃ። መፈታቱ በስድስት ወር ተራዘመ። ወይዘሮ አልታየሽ ይግባኝ ብለዋል፤ ይግባኝ ግን ሠርግ አይጠብቅም።

ሶልያና ልትጠይቀው አትችልም። እስረኛ ለመጠየቅ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የሷ ፊት ደግሞ ከእንግዲህ ከየትኛውም ስም ጋር እዚያ መታየት የለበትም። ከሠርጉ ቀጥሎ ካለው ሰኞ ጀምሮ ሌላ ከተማ፣ ሌላ እስር ቤት፣ ሌላ ስም ይጠብቃታል።

የሠርጉ ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ግን አላስቻላትም። ከሠርጉ አዳራሽ ማዶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመች። መቅዲ ከመኪና ስትወርድ አየቻት። ክንዷን የያዘው አጎቷ ነው። ሙሽራዋ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና አንድ ሰው የቀረ ይመስል ወደ መንገዱ ዞረች። ሶልያና አንገቷን ደፋች።

ባለ ነጠላ አንዲት እናት መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ለምን አትገቢም? የሙሽራው ወገን ነሽ የሙሽሪት?»

«የማንም አይደለሁም እማማ። አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው።»

«ታዲያ እያለቀስሽ?»

አውቶቡስ መጣ። የት እንደሚሄድ አላየችም። ተሳፈረች።